ሰላሳ ሰከንድ

ስብሰባው ሲንዛዛ ውሎ ሲበተን ልጅቱ እግሯን እየጎተተች ወጣች። ልጅቱ ስል የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ በስልክ የሚከፈል ገንዘብ በምን ደንብ እንደሚከፈል የሚወስነው ኮሚቴ አባል። እዚያ የዋለ ሰው ምን ይዞ ይወጣል? ራስ ምታት ነዋ! ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀው ዓምና የጨረሱት አንድ ነገር ነው፤ ከፋዩ የሚስጥር ቁጥሩን በሰላሳ ሰከንድ ካላስገባ ገጹ ይዘጋል የሚለውን። አንዱ አባል እንደ ድሮው ሁለት ደቂቃ ይሁን ቢል፣ ለሌባ ጊዜ አንሰጥም ብላ ድርቅ ያለችው እሷ ናት።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ከሰሊጥ ያነሰ ብሎን በወረንጦ ሲያነሱ የኖሩ እጆች ዛሬ ይንቀጠቀጣሉ። ቢሆንም ዳቦውንም መድኃኒቱንም ራሴ ነኝ የምከፍለው ባይ ናቸው። ስልኩን ስጡኝና እኔ ልክፈልልዎ ብላ ስንቴ ለምናቸዋለች፤ እሳቸው ግን የልጄን እጅ አላይም ብለው እምቢ አሉ።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ዳቦ ቤት ደረሰችባቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ሰልፍ ላይ ስለነበሩ አላዩዋትም። ተራቸው ሲደርስ ስልኩ ላይ ሁለት ቁጥር ነኩ፣ ሦስተኛውን ሳቱ፣ አጥፍተው እንደገና ጀመሩ፤ ገጹ ተዘጋ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ተዘጋ። ከኋላ የቆመው ሰውዬ በረጅሙ ተነፈሰ። ይኼኔ ስልኩን ለሻጯ አቀብለው፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ ቁጥራቸውን ይጠሩላት ጀመር። ሻጯማ መች ሰምታ! በቃሏ ታውቀዋለች።

ልጅቱ ክው አለች። አብረው ሲወጡ፣ ቁጥሩን ሌላ ማን እንደሚያውቀው መንገድ ላይ ጠየቀቻቸው። አፍረው መሬት መሬቱን እያዩ ቆጠሩላት፤ የፋርማሲዋ ሴትዮ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ የሕንፃው ጥበቃ። ሌባ ስታባርር የአባቷን ሚስጥር ለሰፈር በትናዋለች።

"እስከ ዓምና እኮ እችል ነበር" አሉ አባቷ። "ከዚያ አሳጠሩት። ሰላሳ ሰከንድ ይሁን ያለው ሰው ሽማግሌ አባት የለውም መሰለኝ።"

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ግን ደክሟታል፤ ለመዋሸትም ጉልበት ያስፈልጋል።

"እኔ ነኝ አባዬ። ሰላሳ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።"

አባቷ ቆሙ። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ ምነው በተቆጡ! እሳቸው ግን ደንቡን ለመቀየር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ብቻ ጠየቋት። ነገውኑ ኮሚቴው ላይ እንደምታነሳው፣ ቢፈጥን ቢፈጥን ግን ሁለት ዓመት እንደሚወስድ ነገረቻቸው።

አባቷ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

"ሁለት ዓመትማ ብዙ ነው" አሉና ስልኩን ዘረጉላት። "በይ ያዢው። ካሁን በኋላ አንቺው ክፈዪልኝ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ስትለምናቸው የነበረው ይኸው ነበር። ተቀበለችና እዚያው መንገድ ላይ አለቀሰች።