ሥራ ፈቱ የገመድ ጫፍ

ሥራዋ መስበር ነው። የሕንፃው ሰው «ሰባሪዋ» የሚላት ለዚህ ነው እንጂ እቤቷ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሰብራ አታውቅም። ብረቱም፣ ሽቦውም፣ ብሎኑም ላቦራቶሪዋ ይመጣላታል፤ በማሽን ትጎትተዋለች፤ ሲበጠስ ደግሞ የተበጠሰበትን ፊት በማጉያ መነጽር አይታ ለምን እንደተበጠሰ ትናገራለች። ባሏ «አንድ ቀን እኔንም ትጎትተኛለች» እያለ ይቀልዳል። ጎረቤት ግን ከተጎተተ ቆይቷል ባይ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሊፍት ውስጥ የገባችው ከሊቀመንበሩ ጋር ነበር። ሊቀመንበርነታቸው የአገር አይደለም፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ነው፤ ልዩነቱን እስካሁን የነገራቸው ሰው የለም እንጂ። ከላውንደሪ ያወጡትን ሙሉ ልብስ ከነሽቦ መስቀያው ከፍ አድርገው ይዘዋል። ልጃቸው ዛሬ ትመረቃለች፤ እናትየው ቀድማ ሄዳለች፤ እሳቸው ልብስ ቀይረው ሊከተሉ ነው።

ሦስተኛውን ፎቅ አልፈው አራተኛው ሳይደርሱ፣ አንድ ነገር ጣሪያውን በአለንጋ እንደ መምታት አደረገው። ሊፍቱ ዘለል ብሎ ቆመ።

«ጀመረው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ለምዶበታል። አጥፍተው ሲያበሩት ይነሳል።» በሩን በመዳፋቸው ደበደቡ። «ዘበኛ! ላይ ሞተር ክፍሉ ውጣና አጥፍተህ አብራው።»

«እሺ ጋሼ፣ መጣሁ» አለ ዘበኛው ከታች።

የሰባሪዋ ጆሮ ግን ጣሪያው ላይ ቀርቷል። የሚበጠስ ሽቦ ድምፅ፣ እናት የልጇን ልቅሶ እንደምትለየው ነው የምትለየው።

«አይንካው» አለች። «ገመዱ እየተበጠሰ መሰለኝ። አሁን ፍሬኑ ይዞናል፤ ካልተነካ ይይዘናል።»

ሊቀመንበሩ ሳቅ አሉና በጣታቸው ግድግዳውን አሳዩዋት። እዚያ በመስታወት ውስጥ አንድ ወረቀት ተሰቅሏል፤ የሊፍቱ ገመድ ተፈትኖ ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ከሥሩ የሷ ፊርማ አለ፤ ጅራቱ ረዘም ያለ፣ ያማረ ፊርማ። ያ ወረቀት የተሰቀለ ሰሞን «ልጃችን ራሷ መርምራው» እየተባለ ሰላምታው ሁሉ ሞቅ ብሎላት ነበር።

«ይሄን ማነው የፈረመው፣ የኔ ልጅ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እጅሽን እመኚዋ።»

ደረጃው ላይ ሰው ተሰብስቧል። የምድር ቤቷ ባለሱቅ ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ገባ። «ምነው ሰባሪዋ፣ የገዛ ሥራሽን ፈራሽ?» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ከፊቷ ፊርማዋ፣ ከጎኗ ሊቀመንበሩ፣ ከእግሯ ሥር ባዶ። ገመዱ መጥፎ ነው ብትል፣ ታዲያ ምኑን ፈረምሽ ትባላለች። ዝም ብትል ዘበኛው ያበራዋል።

«ጋሼ፣ ያን ለምርመራ ያመጡልኝን ቁራጭ ከየት ነበር የቆረጡት?»

«ከገመዱ ነዋ። ከሱቅ የገዛሁት መሰለሽ?»

«ከገመዱ የቱ ጋ?»

ሊቀመንበሩ የልብሱን ትከሻ አስተካከሉ። «ከጫፉ። ከማሰሪያው አልፎ ሥራ ፈቶ የሚንጠለጠል ትርፍ አለ፤ እሱን ነው። ደህናውን ልቁረጠው ኖሯል? ለሕንፃው አስቤ እኮ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። የጎተተችው ቁራጭ በእርግጥ ጠንካራ ነበር። መዘውር ላይ አንድም ቀን ሳይታጠፍ፣ ሰው ተሸክሞ ሳያውቅ፣ እንዴት አይጠነክር? እሷም ከየት ተቆረጠ ብላ አልጠየቀችም። ያመጣው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትን ደግሞ ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል።

«እስቲ መስቀያውን ያቀብሉኝ።»

«ልብሴስ?»

«ይልበሱት።»

እያጉረመረሙ ኮቱን ለበሱ። የመስቀያውን አንገት ይዛ አጠፈችው፣ አቃናችው፣ መልሳ አጠፈችው። ትንሽ ታግሎ ቀጭ አለ።

«ይንኩት።»

በጣታቸው ነክተው ቶሎ ሰበሰቡት። «ይፋጃል።»

«መተጣጠፉ ነው። አሁን ደግሞ ታችኛውን ይሳቡት፣ ያልታጠፈውን።»

ሳቡት። ወይ ፍንክች።

«ሽቦው አንድ ነው ጋሼ። እኔ የጎተትኩት ይሄኛውን ነው። እኛ የተንጠለጠልነው በዚያኛው ነው።»

«ሌሎች ሁለት ገመዶች አሉ» አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው።

«አብረው ተሰቅለው አብረው ሲታጠፉ የኖሩ ናቸው።»

«ልጄ ትመረቃለች።» ይህን ሲሉ ሊቀመንበር አይመስሉም ነበር።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ከላይ የዘበኛው ድምፅ መጣ። «አጥፍቼዋለሁ። ላብራው?»

አፏን ስንጥቁ ላይ አደረገች፤ ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ። «አታብራው። ቆልፈህበት ቁልፉን ይዘህ ውረድ፣ የሊፍት ሠራተኞቹን ጥራ። የፈረምኩት ፊርማ ስሕተት ነው፤ ይሄን ገመድ አልመረመርኩትም።»

ባለሱቋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «ታዲያ እኛ እስከዛሬ በምን ነበር ስንወጣ ስንወርድ የኖርነው?» አለች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በእኔ ቁጠባ» አሉ።

ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስንጥቁ እየቆየ ጨለመ። ሊቀመንበሩ አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ የተሰበረውን መስቀያ ያያሉ፤ እሷ ደግሞ ፊርማዋን፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለማ። ደግሞስ ስንት ሰው ባመጣው ጫፍ ላይ ፈርማ ይሆን?

ሠራተኞቹ ሲደርሱ አንደኛው ጣሪያው ላይ ወጥቶ በባትሪ አበራ። «ሁለቱ ገመዶች ክራቸው ተበጣጥሶ እንደ ብሩሽ ሆነዋል» አለ። «የአንዱ ክር መዘውሩ ውስጥ ተወትፏል። አብርታችሁት ቢሆን…»

የአራተኛውን ፎቅ በር ፈልቅቀው መሰላል አወረዱላቸው። ሊቀመንበሩ ጉልበታቸው አቧራ እንደለበሰ ወጡ። ልጃቸው ከነጥቁር ካባዋ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።

«ውጪ እንጂ እህቴ» አለ ሠራተኛው።

ያን ሁሉ ሰዓት መውጫ ስትመኝ የቆየችው ሴት ግን ጀርባዋን ሰጥታዋለች። በመስቀያው ስባሪ የወረቀቱን መስታወት ብሎን እየፈታች ነበር።

«ተይው፣ እኔ አወርደዋለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ ከላይ ጎንበስ ብለው።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎ ነገ ከገመዱ መሃል ይቁረጡልኝ።»

«አንቺው ቁረጪው፣ የኔ ልጅ» አሉ። «እኔን ቁጠባ ያሸንፈኛል።»