የከለከልሁት መለኪያ

አረቄ አወጣለሁ። ወረታ ከመናኸሪያው በስተጀርባ «የደብሬ ቤት» ብለህ ብትጠይቅ የማያሳይህ የለም። ስለ ባሌ አሟሟት ሰው የፈለገውን ያወራል፤ ያውራ! እኔም የራሴን ልናገር።

ቻላቸው ሩዝ ሲያጭድ ውሎ ሲገባ አንዲት መለኪያ ነበር የሚጠጣ። ቀማሼም እሱ ነበር፤ «በርትቷል፣ ቀጥኗል» እያለ የሚነግረኝ። ያስለመድሁት እኔው ነኝ፣ ለማን እላለሁ? ኋላ ኋላ ጧት ካልጠጣ እጁ ማጭድ አልይዝ አለው። እህል አስጠላው፣ ፊቱ አበጠ። ሰባት ዓመት እንዲያ ኖርን።

ሲመረኝ ጊዜ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሰሞን ነፍስ አባታችን መምሬ መንግሥቴ ዘንድ ይዤው ሄድሁ።

«አባቴ፣ ይገዝቱልኝ። ጠብታ እንዳይቀምስ።»

«ትችላለህ ልጄ?» አሉት።

«እችላለሁ» አለ፤ እያለቀሰ መስቀል ተሳልሞ ተገዘተ። እሰይ! እልል እያልሁ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ላብ አጠመቀው፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሁለተኛው ቀን የሌለ ጉንዳን ከላዩ ላይ ሲያራግፍ ዋለ።

«ደብርዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት መለኪያ ብቻ። ልሞት ነው።»

«ሙት!» አልሁት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! «ግዝት አፍርሰህ ነፍስህንም ነፍሴንም ልታጠፋ ነው?»

ጎረቤቱም «አይዞሽ፣ ሰይጣኑ ሊለቀው ሲል ነው፤ እንዳትሰጭው» አለኝ። አንድ ሙሉ ጀሪካን አረቄ ጓዳ ተቆልፎበት፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዓይኑ ተገለበጠ፣ አረፋ ደፈቀ። በባጃጅ ይዘነው ስንሮጥ መንገድ ላይ ደግሞ ጣለው። ሐኪሙ ስንት ዓመት እንደጠጣ፣ መቼ እንዳቆመ ጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን ያዘ።

«እናቴ፣ እንዲህ የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ አያቆምም። ቀድመው ቢያመጡት ኖሮ በመድኃኒት ቀስ እያልን እናስተወው ነበር።»

«የሚገድል አረቄው ነው!» ብዬ ጮህሁበት።

«መጠጣቱም ይገድላል። በድንገት መተዉም ይገድላል» አለኝ።

ማታውን ሳያይ ሞተ። ሰባት ዓመት ስቀዳለት ኖሬ፣ ያቺን አንዲቷን ነው የነፈግሁት።

አርባው ሲደርስ «ለተዝካሩ አረቄ አላወጣም» አልሁ። አማቴ እትየ ታይቱ ተቆጡ። «ለልጄ ደረቅ ተዝካር? አገር ምን ይለናል!» አሉ። ምን ላድርግ? አወጣሁ።

መምሬ መንግሥቴ ጸሎቱን አድርሰው ዳሱ ውስጥ ተቀመጡና «ነፍስ ይማር» ብለው መለኪያቸውን ጨለጡ። ከሳቸው ቀጥሎ የሟቹ ታናሽ ወንድም እዮብ ተቀምጧል።

«እትየ ደብሬ፣ ድገሚኝማ» አለኝ።

የዘረጋት መለኪያ እጁ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ገና ሁለተኛው ነው፤ አልሰከረም። ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ። ልከለክለው አሰብሁ፣ ግን እሱም እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። ሞልቼ ቀዳሁለት።