የሚዜው ክላሽ

ባየ ቢቸና እህቱ ቤት ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ከጣቢያ ጣቢያ ሲቀያይር ይውላል። እህቱ ሰገነት የጤና ባለሙያ ናት፤ ሥራ ስትሄድ ሪሞቱን እንደጨበጠ ትተወዋለች፣ ስትመለስም እንደጨበጠ ታገኘዋለች። ምሳው አልተነካም።

«ጽንፈኞች ሰርገኞችን ጨፈጨፉ» ይላል አንዱ ጣቢያ። «ወታደሮች ሰርገኞችን ጨፈጨፉ» ይላል ከባሕር ማዶ የሚሰራጨው። ሁለቱም ያንኑ የሞጣ ዳስ ያሳያሉ፣ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዝናሉ። ለማዘንማ ማን ብሏቸው! «ለመሆኑ ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም የለም።

የሆነውን የሚያውቀው ባየ ነው። ሚዜ ነበር። ሙሽራዋ ስትወጣ እንደ ወጉ ሁሉም ወደ ሰማይ ሲተኩስ እሱም የአጎቱን ክላሽ አነሣ፤ ለካ ምላጩ አንዴ ከተሳበ ዝም ብሎ እንዲንጣጣ ተደርጎ ኖሯል። ደንግጦ እጁ ከዳው፣ አፈሙዙ ወደ ዳሱ ወረደ። አራት ሰው ወደቀ። አንዱ የሙሽራዋ ወንድም፣ የባየ የልብ ጓደኛ ንጋት ነው። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል የማን ጥይት እንደሆነ ማንም አላየም። አንድ ሰው «መጡብን!» ብሎ ጮኸ፣ ሕዝቡም ያንኑ ይዞ ተበተነ።

«እግዜር የሰጠህን መሸሸጊያ አታፍርስ» አሉት የገዛ ቤተሰቡ ሽማግሌዎች፣ የሆነውን ሲነግራቸው።

መሸሸጊያው ግን አፈነው። ለአንዱ ጣቢያ ደውሎ «እኔ ነኝ፤ በስሕተት ነው» አለ። «ማን ልኮህ ነው?» ብሎ ጋዜጠኛው ዘጋበት። ለሌላውም ደወለ። እዚያም ያችው ጥያቄ ጠበቀችው።

«ለንጋት አባት እነግራቸዋለሁ» አለ ለሰገነት። «ከፈለጉ ይግደሉኝ፣ ከፈለጉ ይማሩኝ። ንጋትን እኮ አልቅሼ እንኳ አልቀበርሁትም!»

ሰገነት አለቀሰች፤ አልከለከለችውም። ሞጣም አብራው ሄደች።

ባየ ጫማውን አውልቆ፣ ይቅርታ ለማኝ እንደሚያደርገው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በንጋት አባት በጋሽ ፋንታ ደጅ ተደፋ።

«ጋሼ፣ ንጋትን የገደልሁት እኔ ነኝ። ክላሹ አምልጦኝ ነው።»

ጋሽ ፋንታ ወጥተው አጠገቡ ቆሙ። ፊታቸው ከስሏል።

«እኔ በቴሌቪዥን ቀርቤ ገዳዮቹን በስም ጠርቼ ረግሜአለሁ» አሉ። «የወንድሜ ልጆች እኔን ሰምተው፣ ደሙን እንመልሳለን ብለው ወጡ። የአንደኛው ሬሳ ትናንት መጣ። አሁን የሚዜው እጅ ስቶ ነው ብል፣ የወንድሜን ሚስት ልጅሽ ለምን ሞተ ልበላት?»

«ታዲያ እኔስ፣ ጋሼ?»

«አንተ የልጄ ጓደኛ ነህ። ግባና አልቅስ።»

ድንጋዩን ከአንገት የሚያነሣው ይቅር ያለ ሰው ነው። ጋሽ ፋንታ አላነሡትም። ወደ ውስጥ ገብተው ከለቀስተኞቹ መሀል መቀመጫ አስለቀቁለት።