የመላጊያው ማሽን ባለቤት

አናጢው ከባንክ ሲበደር የሰማው "ያለ መያዣ" የሚለውን ብቻ ነበር። ሌላው የተነበበለት ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። ደስ ብሎት ፈረመ፣ ሄደ። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።

ትናንት ከባንኩ ተደውሎ "ነገ ዎርክሾፑን የምታይ ሠራተኛ ትመጣለች" ሲባል ነው ውሉን አውጥቶ ያነበበው። ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ንብረቱን ለማንም መያዣ ላይሰጥ ቃል ገብቷል። መልሶ ለመግዛት ተዋውሎ መሸጥም ያው እንደ መያዣ ይቆጠራል ይላል። ይህን ካፈረሰ ባንኩ ብድሩን በሙሉ ባንዴ ይጠይቃል።

ከተበደረ በኋላ፣ እንጨት የተወደደ ጊዜ የእንጨት መላጊያ ማሽኑን ለታላቅ እህቱ ሸጦላት ነበር። መሸጥ ከተባለ ነው እንጂ ማሽኑ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ገንዘቧን ሲመልስላት የሽያጩን ወረቀት ልትቀድለት ተስማምተዋል። "ያለ ወረቀትማ አይሆንም። አንተን ባምንህ ሚስትህን አላምናትም" ብላ ነው ያስፈረመችው። እህቱ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ትሰፋለች፤ በምላሷ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መቀስ ይላታል። ጠዋት ሊነግራት ደጇ ድረስ ሄዶ፣ ያቺን ምላሷን ፈርቶ ተመለሰ። ምን ዓይነቱ ፈሪ ነው በሉ!

የባንኳ ልጅ መጣች። ሰጋቱራውን እየረገጠች መሰንጠቂያውን አየች፣ መብሻውን አየች፣ መጨረሻ መላጊያው ላይ እጇን አሳረፈች።

"ይሄም የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው" አለ። ማሽኑ ላይ የተጠራቀመውን ሰጋቱራ በእጁ ጠረገ።

"ጥሩ ነው። እንግዲህ ጨርሻለሁ።"

እፎይ ሊል ሲል እህቱ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሳይረጋ ዘው ብላ ገባች። ጎረቤት "ወንድምሽን ባንክ መጣበት" ብሏት ክሯን ሳትበጥስ ነው የሮጠችው።

"ስሚ የኔ ልጅ፣ ሌላውን እንደፈለግሽ፤ መላጊያው ግን የኔ ነው። እሱን መውሰድ አትችሉም።"

"እትዬ፣ ተይ እባክሽ" አለ አናጢው። ድምፁ ከሹክሹክታ አላለፈም።

"አንተ ዝም በል፣ አታውቅበትም" አለችና ከደረቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "ይኸው! ገዝቼዋለሁ። ገንዘቤን ሲመልስልኝ እመልስለታለሁ።"

ልጅቷ ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበች። ከዚያ አናጢውን ቀና ብላ አየችው።

"ፊርማው የእርስዎ ነው?"

አናጢው ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"የሱ ነው እንጂ!" አለች እህቱ። "እፊቴ ነው የፈረመው።" ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ ጀርባውን ደባበሰችው።

"አይዞህ" አለችው። "አሁን ማንም አይወስድብህም።"