ያልኩትን አጥቁር

ሁዶ በስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ ቀን ጠዋት ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ከአክስቷ ቤት ወጣች። አባቷ ከቢዮ አዋሌ ደውሎ ያላትን ቃል በቃል ይዛዋለች። «ስምንተኛን ካለፍሽ ድሬ ትቀሪያለሽ። ከወደቅሽ መጥቼ እወስድሻለሁ።» አባቷ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እነሱ መንደር ብሬል የሚያውቅ ሰው የለም። ዓይኗ የማያይ ልጅ ወደዚያ ከተመለሰች ትምህርት አበቃ ማለት ነው። ሁዶ ደግሞ ትምህርቷን ትወዳለች።

አክስቷ ኤዶ ዳሃቦ ባጃጅ ላይ ስታሳፍራት እጇን ጨበጥ አድርጋ፣ «የሚያነብልሽን ሰው እንዳታስቀይሚው፤ ዓይኑን ነው የሚያውስሽ» አለቻት።

ፈተናው በብሬል አልታተመም። ስለዚህ ሁዶ ከሌሎቹ ተለይታ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከአንባቢዋ ጋር ተቀመጠች። እሱ ያነባል፣ እሷ ትመልሳለች፣ እሱ መልስ ወረቀቱ ላይ ያለውን ክብ በእርሳስ ያጠቁራል። አንባቢዋ ቲቸር ማዘንጊያ ይባላል፤ ከሌላ ትምህርት ቤት የተመደበ ወጣት የአማርኛ አስተማሪ ነው። ደገኛ ነው፣ ድሬ ከመጣ ገና ዓመቱ። ደግነቱን አንክድም። ገና ሳትቀመጥ ቀዝቃዛ ውሃ ገዛላት፣ ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገላት፣ ሦስት ጊዜም «አይዞሽ» አላት። ሁዶን ያስፈራት ይኸው ነው። ሰው ሦስት ጊዜ አይዞሽ ከተባለ፣ ምን ሊመጣብኝ ነው ማለቱ አይቀርም።

ጠቅላላ ሳይንስ፣ አርባ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር እንደ አሮጌ ጋሪ እየተንኳኳ ይሽከረከራል። ሁዶ እያንዳንዱን መልስ ጮክ ብላ ከተናገረች በኋላ በልቧም ትደረድረዋለች። አንድ ሲ፣ ሁለት ኤ፣ ሦስት ዲ። ወረቀቱን ዞር ብላ ማየት ስለማትችል መዝገቧ ጭንቅላቷ ነው። እስከ ሃያ አንድ ድረስ በደንብ ሄደ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ድሬ ነውና ማንም አልደነገጠም። ቬንትሌተሩ አቃስቶ ቆመ፣ ክፍሉ ጭጭ አለ፣ ሙቀቱም ወዲያው ከላይ ወረደባቸው።

«ሃያ ሁለት» አለ ቲቸር ማዘንጊያ። «የግመል ሻኛ ውስጥ የሚጠራቀመው ምንድን ነው? ኤ ውሃ፣ ቢ ስብ፣ ሲ ደም፣ ዲ አየር።»

ሁዶ ሳቋ መጣ። ሰርግ በመጣ ቁጥር የሻኛ ስብ ጣቶቿ መሃል እየቀለጠ ሲፈስ የበላች ልጅ ናት። «ቢ» አለች።

እርሳሱ ክቡን ሲያጠቁር ሰማች። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ፍትግ፣ ፍትግ፣ ቀጥሎም «እፍ»። ላጲስ ነው። ከዚያ እርሳሱ እንደገና።

«ቲቸር፣ ምን ሆንክ?» አለችው። ድሬ ውስጥ አንቱታ እምብዛም የለም፤ እሱም ለምዶታል።

«ምንም። እርሳሱ ከክቡ ወጣብኝ።»

ሁለት ጥያቄ በሰላም አለፈ። ሃያ አምስተኛው ላይ ፍትግ ፍትግ፣ እፍ። መጠየቅ ፈራች፤ አለመጠየቅ ደግሞ ባሰ። በመጨረሻ እንደ ሞኝ ልጅ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ቲቸር፣ ግን ሻኛው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለች።

ቲቸር ማዘንጊያ ሳቅ ብሎ፣ «ውሃ ነዋ! ታዲያ ግመል በረሃውን በምን ይችለዋል ብለሽ ነው?» አለ።

ሁዶ ነገሩ ገባት። ይሄ ሰውዬ የእሷን መልስ እያጠፋ የራሱን እያጠቆረ ነው! ቬንትሌተሩ ሲጮህ ስንቱን አጥፍቶ ይሆን? አምስት? አሥር? ብትናገር ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ይባላል። ሌላ አንባቢ የለም፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ፈተናውን የወሰደችው እሷ ሳትሆን ሻኛ ውስጥ ውሃ አለ የሚል ሰው ነው። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት። መልሷን በተናገረች ቁጥር ትንፋሿን ይዛ ላጲሱን ትጠብቃለች። ሃያ ስምንተኛው ላይ መጣ።

ያኔ ሁዶ ብድግ አለች። ወንበሩ ወደቀ። «እትዬ ዝናሽ!» ብላ ጮኸች።

ወይዘሮ ዝናሽ የፈተና ጣቢያው ኃላፊ ናቸው። ኮሪደሩን በጫማቸው እያንቋቁ መጡ። «ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ላጲሱን ይውሰዱልኝ» አለች ሁዶ። «እኔ ያልኩትን ያጠቁርና ያጠፋዋል።»

ቲቸር ማዘንጊያ ድምፁ እየተሰባበረ፣ «አንጀቴን በላችኝ፤ እንዳትወድቅ ብዬ ነው» አለ።

«እንዳትወድቅ?» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ። «ይሄ ነገር ወረቀቷን እንደሚያሰርዝ አታውቅም?»

ሁዶ ይሰረዛል የሚለውን አላሰበችውም ነበር። «ወላሂ ያልኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ!» አለች። «ያንብቡልኝና ልንገርዎት። አንድ ሲ፣ ሁለት ኤ፣ ሦስት ዲ።»

ወይዘሮ ዝናሽ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ወንበሩን አንስተው ተቀመጡና ወረቀቱን እያዩ ያነቡ ጀመር። «አራት፣ ቢ።»

«አይደለም፣ ሲ።» ፍትግ ፍትግ፣ እፍ። ዘጠኝ ላይም «አይደለም» አለች፣ አሥራ አንድ ላይም «አይደለም»።

«አሥራ ዘጠኝ። ድምፅ ይበልጥ የሚፈጥነው በየትኛው ውስጥ ነው የሚለው። ዲ፣ ብረት።»

ሁዶ ኤ ነበር ያለችው፣ አየር። ብረት ሲባል ስትሰማ ግን መልሱ ወዲያው ገባት። በድምፅ የምትኖር ልጅ የድምፅን ጥያቄ ትሳት! ያስቃል፣ ሌላ ቀን ቢሆን። «ልክ ነው» ብትል ማን ያውቃል? አንዷ ነጥብ ድሬ ታስቀራት ወይም ቢዮ አዋሌ ትመልሳት ይሆናል። ግን አንዱን ከተቀበለች የሌሎቹን በምን አፏ ትከሳለች?

«ሁዶ፣ ሰዓት የለም» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ።

«አይደለም። ኤ ነው ያልኩት።» ላጲሱ ፈተገ።

በጠቅላላው ሰባት መልስ ተቀይሮባታል። ከሃያ ዘጠኝ ጀምሮ ወይዘሮ ዝናሽ ራሳቸው እየሮጡ አነበቡላት፣ እየሮጠች መለሰች። ደወሉ ሲደወል ሠላሳ ዘጠነኛውን ገና መመለሷ ነበር። አርባኛው ሳይነበብ ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ቲቸር ማዘንጊያ ቆሞ ሲጠብቃት በትንፋሹ አወቀችው። «ይቅርታ ሁዶ» አለ። «በድያለሁ። አዝኜልሽ ነበር፤ የማታውቂ መሰለኝ።» ከዚያ መዋጥ ያቃተውን ነገር አወጣው። «አሥራ ዘጠነኛው ግን የእኔ ልክ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምን አስቀየርሽው?»

ሁዶ ወደ ድምፁ ዞረች። «ብወድቅ አባቴ መጥቶ የሚወስደው እኔን ነው» አለችው። «አንተን አይወስድም።»