የቁም ተዝካር ሙዚቀኛዋ

በሳንድቪክ ኮሌጅ የሙዚቃ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ፒያኖ አጅቤያለሁ። አጃቢ ማለት ሌላው ሲሳሳት አብሮ ተሳስቶ ስህተቱን ትክክል የሚያስመስል ሰው ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ተማሪ በእጄ አልፏል። አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ሮዌና ሄልጌሰንን ግን አልረሳሁም።

ሮዌና እዚሁ አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ፣ ከኮሌጁ ሃያ አምስት ማይል ርቆ ከሚኖር የአሳማ አርቢ ቤት የተወለደች፣ ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ ልጅ ነበረች። ትሮምቦን የሚባለውን ረጅም የነሐስ መሣሪያ ትነፋለች። ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ ሁለት ደብዳቤ መጣላት፤ አንዱ ቺካጎ ካለ ስመ ጥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ከእኛ። የቺካጎው አራት መስመር ነበር። የእኛው አራት ገጽ ሲሆን የቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ ሳይቀር ፈርሞበታል።

በመጋቢት ከአባቷ ከማርልን ጋር ኮሌጁን ሊያዩ መጡ። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሊዮፖልድ ስታውት በር ላይ ቆሞ ተቀበላቸውና ቢሮው አስገባቸው። እኔም ክፍሉ ሰው የሞላው እንዲመስል ተጠርቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ።

“ቺካጎ ሃያ ሁለት ትሮምቦን ነፊ አለ” አላት ስታውት። “አንቺ አሥራ አራተኛዋ ትሆኛለሽ። ስምሽን የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነው። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንደኛ ነሽ።”

ማርልን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና “ሁለተኛው ማን ነው?” ሲል ጠየቀ።

“ሁለተኛ ለጊዜው የለንም።”

“ሦስተኛስ?”

“አቶ ማርልን፣ እኛ ተማሪዎቻችንን እርስ በርስ አናወዳድርም።”

“ታዲያ አንደኛ መሆኗን በምን አወቃችሁ?”

ስታውት ሳቅ አለና ኬክ ጋበዛቸው።

ሮዌና ኬኩን አልነካችም። “መንፋት የሚቻልበት ቦታ አለ?” አለች። ወደ ኮሌጁ ጸሎት ቤት ወሰድኳት። ባዶ ነበር። መሐሉ ላይ ቆማ አንዲት ረጅም ድምፅ ነፋችና አቆመች። ድምፁ ግን አላቆመም፤ ጣሪያው ሥር ዞሮ ዞሮ ቀስ እያለ ወረደ። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልቅ ሰማችው።

“ወይዘሮ አርዲስ፣ እዚህ በፈለግኩ ጊዜ መንፋት ይፈቀድልኛል?”

“ከእሑድ በቀር ማን ይገባበታል ብለሽ ነው” አልኳት።

በዚያው ቀን ፈረመች። ስታውት ግን እስከ ዛሬ በደብዳቤው የማረካት ይመስለዋል።

ሲምፎኒ ኦርኬስትራችን አሥራ ሦስት ሰው ነበር። የጎደለውን መሣሪያ ሁሉ ሮዌና እንድትሞላ ተደረገ። ቼሎ ሲጠፋ የቼሎውን ድርሻ ትነፋለች፤ ሆርን ነፊው ለእግር ኳስ ሲሄድ የሆርኑን። በአንድ የገና ኮንሰርት የአራት ሰው ድርሻ ብቻዋን ተጫወተች። በመጨረሻው ስታውት እጁን ዘርግቶ “የነሐስ መሣሪያ ክፍላችን ይነሣ” ሲል ሮዌና ብቻዋን ተነሣች፤ ሕዝቡ ለክፍሉ አጨበጨበ።

በሁለተኛ ዓመቷ ለኮሌጁ የማስተዋወቂያ ብሮሸር ፎቶ አነሷት። አንዴ ፀጉሯን ለቃ፣ አንዴ መነጽር አድርጋ፣ አንዴ ደግሞ ከቲያትር ክፍል በተዋሱት ቀይ ዊግ አነሷትና ሦስቱን ጎን ለጎን አያያዟቸው። ማርልን ብሮሸሩ በፖስታ ሲደርሰው ደወለልኝ።

“ይቺ መነጽር ያደረገችው የማን ልጅ ናት? የእኛን ልጅ ቁርጥ ናት” አለኝ።

“ጥሩ ልጅ ናት” አልኩት። ምን ልበል?

በመጨረሻው ዓመት “የሙያ ሕይወት ግንባታ” የሚባል ትምህርት ነበር። የሚያስተምረው ስታውት ነው። እሱ ራሱ ሰው ፊት ከተጫወተ ዘመን አልፎታል፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ዋናው የቤት ሥራ የራስን የሕይወት ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ መጻፍ ነበር። ሮዌና “አዮዋ ውስጥ ትሮምቦን ትነፋለች” ብላ አንዲት መስመር አስረከበች። ስታውት በቀይ ብዕር አረመላት። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤቷ ግዛት ወደ ሚኒሶታ ሄደን አንድ ትምህርት ቤት ተጫውተን ነበርና “ድንበር ተሻጋሪ አርቲስት” ሆነች። እዚያ ከሰሙን ልጆች መካከል አንዱ የካናዳ ተወላጅ መሆኑ ሲታወቅ “ዓለም አቀፍ አድማጮችን ያስደመመች” የሚል ተጨመረላት።

በግንቦት ተመረቀች። በመስከረም ሚኒያፖሊስ ለአንድ ኦርኬስትራ ፈተና ልትቀርብ ሄደች። ለአንድ ቦታ ዘጠና ሰው ተሰልፏል። ፈታኞቹ ሰው እንዳያዩ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ተፈታኙም ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው። በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠች።

“ጥቂት እንደነፋሁ ከመጋረጃው ጀርባ ‘እናመሰግናለን’ አሉኝ” አለች። “የወደዱኝ መሰለኝና ቀጠልኩ።”

“ከዚያስ?”

“‘እናመሰግናለን፣ ቁጥር ስልሳ አንድ’ አሉ ደግመው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያለ እርስዎ ፒያኖ የሙዚቃ ምቴ ሲዛነፍ ለራሴም ተሰማኝ።” ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። “ወይዘሮ አርዲስ፣ ምቴ ይንገዳገዳል እንዴ?”

“አዎ፣ ይንገዳገዳል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጣሽ ጀምሮ።”

“ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?”

“ሥራዬ አብሬሽ መንገዳገድ ነበር” አልኳት። ስናገረው አፈርኩ። በኮሌጃችን ማንም ለማንም መጥፎ ነገር አይናገርም፤ ተማሪ ተቀይሞ ከሄደ ክፍሉ ይዘጋል ብለን እንፈራለን። ፍቅር ነው እንላለን እንጂ ፍርሃት ነበር።

አልተቀየመችኝም። አባቷ ቤት ተመልሳ፣ ጠዋት አሳማ እየመገበች፣ ከሰዓት በኋላ ከምት ቆጣሪ መሣሪያ ጋር ጎተራ ውስጥ ተዘግታ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ትነፋ ጀመር። ማርልን አሳማዎቹ ሳይቀሩ እርምጃቸው ተስተካከለ ይል ነበር።

በጥር የአንድ ሽማግሌ ቀብር ሆነ። እኔ የምጫወተውን የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ገመድ አይጥ በልቶት ስለነበር ሮዌናን ጠራኋት። ውስጥ መዝሙሩን በደንብ ተጫወተች። መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ግን ብርዱ ከባድ ነበርና የትሮምቦኑ ተንሸራታች ቱቦ ቀዝቅዞ ተጣበቀ፤ ቢስቡት ቢገፉት የማይነቃነቅ ሆነ። ቱቦው በቆመበት የሚወጡት ድምፆች ጥቂት ናቸው። ሮዌና እነዚያኑ አራት ድምፆች እያፈራረቀች፣ ሳትቸኩል፣ አንዱን ከሌላው እያራቀች ነፋች። ሜዳው ነጭ ነው፤ ከድምፁ በቀር ምንም የለም። ፓስተሩ የሚቀጥለውን ጸሎት ማንበብ ረሳ።

ምድር ቤት ወርደን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና ቡና ስንቀምስ የሟቹ ወንድም ኦርቪል ትቬት መጣ። የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጣ የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው።

“ያ መጨረሻ ላይ የነፋሽው፣” አላት፣ “ለኔም እሱን ነው የምትነፊልኝ።”

“ቱቦው ተጣብቆብኝ ነው እኮ፣ አባባ።”

“ለኔም ይጣበቅ።” ሳንድዊቹን አስቀመጠ። “ወንድሜ ይህን ሳይሰማው መቅረቱ ነው የሚቆጨኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለሱ ተብሎ ተነፍቶ እሱ ብቻ አልሰማውም። እኔ የራሴን አሁን ልስማው።”

“አሁን ማለት?”

“ቅዳሜ። ልምምድ በይው።”

እኔ የቁም ተዝካር ነው ያልኩት በሆዴ። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ፤ ክረምት ላይ ሌላ የሚኬድበት የለማ። ኦርቪል በሙሉ ልብስ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ እህቱ አልሚራ ከጎኑ፣ ሮዌና መንፋት ጀመረች። መሐል ላይ እጁን አነሣ።

“እዚያ ጋ ቸኮልሽ” አላት። “እህቴ የምታለቅሰው እዚያ ላይ ነው፤ ጊዜ ስጫት።”

“ማን አለቀሰ?” አለች አልሚራ።

ሮዌና ደግማ ዝግ አድርጋ ነፋችው፤ አልሚራ እዚያው ቦታ ላይ መሐረቧን አወጣች። ኦርቪል በመስማማት ራሱን ነቀነቀ፤ ሮዌናም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። እንዲህ ያለ መምህር ገጥሟት አያውቅም ነበር።

ፓስተሩ አልወደደውም። “ቀብር የሟቹ ድግስ አይደለም” ሲል ኦርቪልን ገሠጸው።

“ታዲያ የማን ነው?” አለው ኦርቪል። ፓስተሩ በሳምንቱ እናቱን ይዞ መጥቶ ቀን አስያዘላት።

ወሬው ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሄደ። ሽማግሌዎች ሁሉ ልምምድ ፈለጉ። አንዷ አሮጊት ጠላቷን ጋብዛ ከኋላ አስቀመጠቻት። አንዱ ገበሬ ልጆቹ ሲያለቅሱ ለማየት መጥቶ፣ ልጆቹ ስልካቸውን ሲነካኩ አይቶ ኑዛዜውን ቀየረ። ሮዌና በሁለት ዓመት ውስጥ አዮዋን፣ ሚኒሶታንና ደቡብ ዳኮታን አዳረሰች። እንዲህ ያለ አድማጭ የትም የለም፤ ለራሱ የሚነፋለት ሰው አያንቀላፋም፣ ስህተትም አያልፍም። እሷም በየመንደሩ እየታረመች ተሻለች። ከሥራ ሲተርፈኝ አብሬያት ስጫወት የምሸፍነው ነገር እያጣሁ ሄድኩ።

ኦርቪል ሦስት ጊዜ ከተለማመደ በኋላ በአራተኛው ክረምት ሞተ። እውነተኛው ቀብር ላይ በረዶ ስለነበር ከልምምዱ ያነሰ ሰው መጣ። አልሚራም አላለቀሰችም፤ “ጨርሼዋለሁ” አለችኝ። ያን ቀን ያለቀሰችው ሮዌና ነበረች፤ አልቅሳም ምቷ አልተንገዳገደም።

ይህን ጊዜ ኮሌጁ ሰማ። ስታውት ደውሎ በጎብኚዎች ቀን መጥታ ስለ ሙያ ሕይወት ግንባታ እንድትናገር ጠየቃት።

“‘ቀብር’ የምትለዋን ቃል ግን ባትጠቅሻት” አላት። “‘የክብረ በዓል ሙዚቃ ባለሙያ’ ብለን አሳትመናል።”

አዲሱ ብሮሸር “ተመራቂዎቻችን አድማጮቻቸውን እስከ መጨረሻው ያጅባሉ” ይል ነበር።

ሮዌና መጣች። ፔትራ የምትባል መለከት ነፊ ልጅ ከእናቷ ጋር ለጉብኝት መጥታ አንድ አጭር ዜማ ተጫወተችልን። ስታውት “ግሩም ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን አንደኛ ነሽ” አለና ወደ ሮዌና ዞሮ ማረጋገጫ ጠበቀ።

“መሐል ላይ ትንፋሽ አለቀብሽና ሁለት ድምፅ ዋጥሽ” አለቻት ሮዌና። “ከፍ ያለውም ላይ አልደረስሽም።”

የእናትየው ፊት ቀላ። ስታውት ኬኩን አነሣ። ፔትራ ግን መለከቷን አላስቀመጠችም።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምነፋው” አለች። “ማንም ነግሮኝ አያውቅም።”

“አሁን ነገርኩሽ። ትንፋሽሽን ሁለቱ ድምፆች ከመምጣታቸው በፊት ሳቢ። በይ።”

አርባ ደቂቃ ያህል ቆሙ። እናትየዋ መጀመሪያ ሰዓቷን ታይ ነበር፤ በኋላ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች። ሲጨርሱ ፔትራ ለስታውት “እሷ የምታስተምር ከሆነ እመጣለሁ” አለችው። የተማሪ ነገር እንደ ውሃ ጥም የሚያቃጥለው ስታውት በዚያው ሳምንት ሮዌናን በየማክሰኞው እንድታስተምር ለመናት።

“አንድ ነገር አለኝ” አለችው። “ተማሪ ሲያበላሽ አበላሸህ ማለት እፈልጋለሁ።”

“በሴሚስተር ስንት ጊዜ?”

“ባበላሸ ቁጥር።”

ስታውት ጉዳዩን ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት አቀረበ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው “በሙከራ ደረጃ” ፈቀደ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ተማሪ ተቀይሞ ለቀቀ። ኦርኬስትራው ዘጠኝ ሰው ሆነ። ዘጠኙ ግን በፀደይ ኮንሰርት ሲጫወቱ እኔ ፒያኖው ዘንድ ተቀምጬ ሙዚቃው እንደተጻፈው ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ስታውት “ትንሽነታችንን በጥራት አጠናክረናል” ብሎ ጻፈ። እውነት የጻፈበት ጊዜ ያ ብቻ ይመስለኛል፤ እሱ ግን አላወቀም።

እኔ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ማክሰኞን ለኮሌጁ ትተን በሌላው ቀን ከሮዌና ጋር በመኪና እዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ለአንዲት የዘጠና አንድ ዓመት መምህርት ተጫውተን ስንመለስ፣ መሪው ላይ በጣቷ ምት እየመታች ብዙ መንገድ ነዳች።

“ወይዘሮ አርዲስ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከእኔ ቀደሙ” አለችኝ በመጨረሻ።

ላስተባብል ነበር። ከዚያ በልቤ ቆጠርኩት፤ ቀድሜያለሁ። ነገ ጠዋት ገጹን ይዤ ፒያኖዬ ዘንድ እቀመጣለሁ አልኳት።