ውርጭ መስመር ላይ ነው

ማስተዋል ጥሬ ተጫዋች ለመለየት ሦስት እርምጃ ይበቃታል። ይህን የሚያውቁ የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ «ለእሷ ደም መስጠት አያስፈልግም፤ በሩ ላይ አይታ በሽታህን ትነግርሃለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱ ከእውነት አይርቅም። በስልኳ ከማታውቀው ሰው ጋር የተኩስ ጨዋታ ስትገጥም ጀማሪው ገና ሳይጀምር ይታወቃታል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይሮጣል። ሰው የሌለ ይመስል የሜዳውን መሀል ይዞ ይሄዳል። አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር ጠመንጃውን ይሞላል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ በሩን እንደ ሠርግ ቤት በርግዶ ይተወዋል። ማይኩ ክፍት መሆኑን እንኳ ስለማያውቅ የጎረቤቱን ውሻ፣ የሚስቱን ቁጣ ሁሉ ለባላጋራው ያሰማል።

ይህን ሁሉ ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ዓለምነው ነው። በጨዋታው ስሙን «ውርጭ» ብሎ ነበር፤ ብርዳሙ ወገራ ተወልዶ ያደገ ሰው ሌላ ምን ስም ያወጣል? ምስሉ ቀይ ሻሽ ያሰረ ወታደር ነው። እንደ ጥላ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል፤ የገባበትን በር ሳይዘጋ አያልፍም። ወንድምና እኅት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ እናታቸው ይመኙሽ «ዛሬስ ስንቱን ፈጃችሁት፣ እናንተ ሽፍቶች?» እያለች ታልፋቸው ነበር።

ዓለምነው ድብ ባሕር በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ተሳፍሮ ሄደ፤ አልደረሰም። መንገዱ ያን ጊዜ ሰላም አልነበረም፤ መኪናውን ታጣቂዎች አስቆሙት። ከተሳፋሪዎቹ ገሚሶቹ በእግራቸው ተመለሱ፤ እሱ ከተመለሱት ውስጥ የለም። ባለፈው ወር አንድ ገበሬ ከመንገዱ ገደል ሥር መታወቂያውን አገኘና አምባ ጊዮርጊስ ለሚኖሩት አጎታቸው ለአያ በላቸው አምጥቶ ሰጠ። አያ በላቸው «ሬሳው ባይገኝም ልብሱን ዘርግተን እርማችንን እናውጣ» አሉ፤ ለቅሶው ለዓርብ ተቆረጠ። ይመኙሽ ግን «መታወቂያ ከኪስ ይወድቃል» ከማለት በቀር አንዲት እንባ አላወጣችም። እናት መርዶውን ባልተቀበለችበት ቤት ማን ደፍሮ ያለቅሳል? ማስተዋልም ሁለት ዓመት ሙሉ እንባዋን ውጣ ኖረች።

ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጨዋታውን ከፈተች። «ውርጭ» ከሚለው ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርቷል።

ምሳዋን አስቀመጠች። «ዓለሜ?» ብላ ጻፈች። መልስ የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነጥቡ ጠፋ። ማስተዋል እንደምታውቀው ወንድሟ ስልኩን ይዞት ነው የሄደው። እንግዲህ ወይ እሱ ራሱ ነው፣ ወይ ስልኩን የወሰደበት ሰው ነው። ሁለተኛውን ልታስበው አልፈለገችም። ወዲያው አጎቷ ዘንድ ደወለች።

«አያ፣ የዓርቡን ይተዉት። ዓለምነው አለ።»

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ? ድምጡን ሰማሽው?»

«ስሙ በራ።»

«ስም ይበራል እንዴ?» አሉ አያ በላቸው። «እኔ ለዘመድ ሁሉ ልኬያለሁ። ግድ የለም፣ እስከ ነገ ልታገሥሽ። ድንኳኑን ልትከለው ወይስ ልተወው፣ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ተስፋ ሰጥቶ መንጠቅ ከመርዶ ይከፋል ብላ ፈራች። እናቷ ግን ያን ቀን ከወትሮው ቀለል ብሏት አመሸች።

ማክሰኞ በዚያው ሰዓት ነጥቡ ዳግመኛ በራ። ማስተዋል ሁለት ሰው ብቻ የሚገጥምበትን ሜዳ ከፍታ ጥሪ ላከችለት። ዓይኗን ሳትነቅል ጥሪው ተቀባይነት አገኘ። «ስሜን አይቶ ነው!» አለች በሆዷ። ብልጭ ያለውን ሁሉ መንካት የጀማሪ ጠባይ መሆኑን ደስታዋ አስረሳት።

ቀይ ሻሽ ያሰረው ወታደር ሜዳው ማዶ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። ቆየና ዞረ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ የሜዳውን መሀል ይዞ መጣ። አንድ ቤት ገባ፤ ወጣ፤ በሩን በርግዶ ተወው። ማስተዋልን ሦስት እርምጃ እንኳ አላስፈለጋትም። ስሙ የወንድሟ ነው፣ ልብሱ የወንድሟ ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ኪሱን የፈተሸው እጅ አሁን ይህን ስልክ ይዟል ብላ አሰበች።

ተኮሰች። ወታደሩ ወደቀ። በዚህ ጨዋታ የወደቀ ወዲያው ይነሣል፤ ተነሣና ወደ እሷ መጣ። ደግማ ጣለችው። ተነሥቶ መጣ። አንድም ጊዜ አልተኮሰባትም። ቀይ ሻሹን እንዳሰረ፣ ቤቱ እንደ ጠፋበት ሰው እየተደናበረ፣ ወድቆ እየተነሣ ወደ እሷ ይመጣል። በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ብርድ ብርድ አላት። ፈራችው፤ በፈራችው ቁጥር ተኮሰችበት። ሰባት ጊዜ ገደለችው።

በስምንተኛው በጆሮ ማዳመጫዋ ድምፅ ገባ። ማይኩን ሳይዘጋው ቆይቷል። አውሮፕላን ነው፤ እየቀረበ፣ እየጎላ፣ ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠ ሄደና አረፈ። ያ ሲያልፍ መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ ተሰማት። ከዚያ ሰው ተናገረ።

«እረ ተወው! ልጄን ምነው ትመታዋለህ? ምን አደረገህ?»

የእናቷ ድምፅ ነበር።

አለቃዋን አስፈቅዳ በሚኒባስ አዘዞ ገባች። ይመኙሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ የዓለምነው ስልክ ጭኗ ላይ ነው። ልትደብቀው አልሞከረችም።

«ከየት አመጣሽው እማ?»

«ሲሄድ ሰጥቶኝ። መንገድ ላይ ይቀሙኛል አለ። መክፈቻውን አሳየኝና ‹ለማስተዋል እንዳትነግሪያት፣ ትጫወትበታለች› አለኝ።» ፈገግ ለማለት ቃጣት፤ አልሆነላትም። «ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብዬ ሣጥን ውስጥ አኑሬው ነበር። የዓርቡን ሲቆርጡብኝ ፎቶውን ልይ ብዬ ቻርጅ አድርጌ ከፈትሁት። ያችን የጨዋታችሁን ሥዕል ብነካት የሰዎች ድምፅ መጣ። ‹ውርጭ፣ አለህ እንዴ? የት ጠፍተህ ነው?› ይሉታል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ‹ነበረ› ሲለው ነው የሰማሁ። እነሱ ‹አለህ› አሉት።»

ማስተዋል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ግን አንድ አረመኔ ገጠመኝ» አለች እናቷ። «ዝም ብሎ የሚሄድ ልጅ ሰባት ጊዜ! ማን እንዳሳደገው እንጃ።»

«እማ፣ እኔ ነበርሁ።»

ይመኙሽ ቀና ብላ አየቻት።

«እሱ እንዳልሆነ አውቄ ነው። የገደለው ሰው መስሎኝ ነው» አለች ማስተዋል።

«አንቺ ነሻ ያወቅሽው» አለች እናቷ ዝግ ብላ። «ሌሎቹ አላወቁም።»

ስልክ ጮኸ፤ የማስተዋል ነው። አያ በላቸው ናቸው። «እህ፣ ምን ተገኘ?» አሉ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ማስተዋል እናቷን አየቻት። እናቷ አንገቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ «አትንገሪ» ይሁን «ንገሪ» ግን አይለይም።

«ያስተክሉት አያ» አለች። «የለም። ዓርብ እንመጣለን።» ስልኩን ሳትዘጋው ምንጣፉ ላይ ተደፍታ በጩኸት አለቀሰች። በወዲያኛው ጫፍ አያ በላቸውም «ወይ ልጄ! ወይ ልጄ!» ሲሉ ይሰማል።

ይመኙሽ ደረቷን አልመታችም። የልጇ ለቅሶ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ጀርባዋን እያሻሸች ጠበቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ የስልኩን መስታወት ጠረገችና ቀይ ሻሽ ያሰረውን ወታደር ወደ ማስተዋል ፊት አቀረበችው።

«ዓርብ ገና ነው» አለች። «እስከዚያ ሌሎቹ እንዳያውቁብኝ አድርገሽ አስተምሪኝ።»